«የለብኝም» የተባለበት ስብሰባ

ወደ ዕቅድ ጉባኤው የገባሁት ለሕዝብ ጥቅም አይደለም። ሌላው ሲመረጥ «ኅብረተሰቡን ለማገልገል» እያለ ነው የሚምለው። እኔም በአፌ ብያለሁ፤ ውሸቴን ነው። እኔ የገባሁት አንድ ሰውዬ ለመያዝ ነው። ከተቀመጠበት ወንበር ጎትቼ አውርጄ፣ እህቴ የቀመሰችውን ላቀምሰው።

ሰውዬው ዶክተር ነው፤ ሊቀመንበራችን። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፣ አንገቴንም ሰበር አደርጋለሁ። እዚህ ግን «እሱ» ይበቃዋል።

እኔ ጸጉር ሠሪ ነኝ። ቤቴ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። ከመናኸሪያው ጎን የሆስፒታሉ አጥር አለ፤ አጥሩ ላይ ሰማያዊ በር አለ። ያንን በር ያስከፈተው እሱ ነው፣ የሆስፒታሉ ኃላፊ በነበረ ጊዜ። ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ታካሚ ጋር ሲጋፉ እንዳይውሉ ተብሎ ለብቻቸው በር፣ ለብቻቸው ግቢ፣ ለብቻቸው አግዳሚ ወንበር ተሠራላቸው። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር የገባ ሰው ለምን እንደገባ መናኸሪያው ሁሉ ያውቃል። ሎሚ የምትሸጠው ታውቃለች፣ ጫማ የሚጠርገው ያውቃል፣ ከአውቶቡስ ወርዶ ሽንት ቤት የሚፈልገው መንገደኛ እንኳ ያውቃል።

ታናሽ እህቴ በዚያ በር መግባት ግድ ሆነባት። መድኃኒቱ ተስማምቷት ነበር፤ ጉንጯ ሞልቶ፣ ሳቋ ተመልሶ ነበር። አንድ ቀን የአማቷ ጎረቤት ከአውቶቡስ ስትወርድ አየቻት። በቃ። የባሏ ቤተሰቦች ልብሷን በፌስታል አድርገው ከደጅ አስቀመጡላት። እሱ ዘንድ ሄደን «ዶክተር፣ እባክዎ በዋናው በር ገብቼ እንድወስድ ይፍቀዱልኝ» ብላ ለመነችው። ከጠረጴዛው ቀና አላለም። «በሩ ለእናንተ ክብር የተሠራ ነው። ዋናው ነገር ራስን መቀበል ነው» አላት። እህቴ እኮ ራሷን ተቀብላ ነበር፤ ያልተቀበላት ሌላው ነው! ከዚያ ወዲያ ወደ በሩ አልተመለሰችም። ሌላ ከተማ ሄደን እንውሰድ ብላት እሺ አላለችም። መድኃኒቱን አቋረጠች፣ ሞተች። እሱ ቀብሯ ላይ አልመጣም። ለምን ይመጣል? ማን እንደሆነች መች ያውቃል?

ጉባኤው የክልሉን የኤች አይ ቪ መከላከልና ክብካቤ ዕቅድ የሚያወጣ ነው። የትኛው ከተማ ምን ያግኝ፣ የትኛው ክሊኒክ ይስፋ፣ ምርመራው የት ይሁን፣ ሁሉም እዚያ ይወሰናል። ከአባላቱ ግማሹ ቫይረሱ ያለበት መሆን አለበት፤ ማን በየትኛው ወገን እንዳለ ግን ከአስመራጩ በቀር ማንም አያውቅም። ትልቁ ደንባችን ይህ ነው፦ «አለብኝ» ማለት የሰውየው ፈቃድ ነው፣ «የለብኝም» ማለት ግን ፈጽሞ ክልክል ነው። የሌለባቸው አንድ በአንድ ከተናገሩ ዝም ያለው ተጋለጠ ማለት ነዋ! ደንቡን የጻፈው ራሱ ሊቀመንበሩ ነው። ብጠላውም እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ ደንብ ነው። ስለዚህ ይህቺ ጸጉር ሠሪስ አለባት ወይስ የለባትም እያላችሁ አትድከሙ። አይመለከታችሁም።

ሌላም ልማድ አለን። ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት እያንዳንዱ አባል እንደ ታካሚ ሆኖ አንድ ክሊኒክ ይጎበኛል። ሳያሳውቅ ሄዶ፣ ተራ ይዞ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ያየውን ለጉባኤው ብቻ ያቀርባል። በውጭ ግን ለጉብኝት መሄዱን መቼም አይናገርም፤ «ለጉብኝት ነበር» ማለት «የለብኝም» ከማለት አይለይም። እስካሁን ታዲያ የሚኬደው ማንም ወደማያውቀን ሩቅ ከተማ ነበር። ሽርሽር በሉት።

በዚህ ዓመት ሊቀመንበሩ ያመጣው ዕቅድ፣ በጥቂት ከተሞች ብቻ ያለው የተለየ በር በቀሩትም ሁሉ ይሠራ የሚል ነበር። እህቴን የገደለውን በር በክልሉ ሙሉ ሊያባዛው! ደሜ ፈላ። ግን ጥርሴን ነክሼ፣ ለስለስ ብዬ እጄን አወጣሁ።

«ዶክተር፣ አንድ ሐሳብ ነበረኝ። ታካሚው መድኃኒቱን የሚወስደው በሚታወቅበት ከተማ ነው። እኛም ጉብኝቱን በየከተማችን ብናደርገውስ? እርስዎ ከፊት ይምሩን።»

ቤቱ አጨበጨበ። ጭብጨባ የሚወድ ሰው ምን ይላል? «እጅግ ግሩም ሐሳብ ነው!» አለ።

አጠገቤ የምትቀመጠው፣ ቤተ መጻሕፍት የምትሠራው ልጅ በክርኗ ነካ አደረገችኝ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ቀለበት ያሰረች ልጅ ናት። እጮኛዋ የሹፌሮች ማኅበር ተወካይ የወንድም ልጅ ነው። ተወካዩም እዚሁ ጉባኤ ከእኛ ጋር ይቀመጣል፣ «የእኛ ሙሽራ» እያለ ይጠራታል።

«እትዬ፣ ምን አስበሽ ነው?» አለችኝ።

«የሕዝብ ጥቅም» አልኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ።

የጉብኝቱን ቀን ለጉባኤው ጸሐፊ መንገር ግዴታ ነው። ጸሐፊዋ ደግሞ ጸጉሯን የምትሠራው እኔ ዘንድ ነው። ሊቀመንበሩ በሚመጣበት ጠዋት፣ አውቶቡሶቹ ሁሉ በሚገቡበት ሰዓት፣ የከተማውን ዋና ዋና ምላሶች ቀጠርኳቸው። አንዷን ካስክ ውስጥ፣ አንዷን በቢጎዲን፣ አንዷን ሳሙና በሳሙና አድርጌ ሁሉንም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ምን ቆርጦኝ!

መጣ። ባርኔጣውን ዝቅ አድርጓል። ለሥራ ቢሆን በመኪናው በዋናው በር ይገባ ነበር፤ ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ሰማያዊው በር ገና አልተከፈተም፣ ስለዚህ ከውጭ ቆመ። ሎሚ ሻጯ «ዶክተር፣ ደህና አደሩ?» አለችው፤ ያልሰማ መሰለ። ከዚያ ዘበኛው በሩን በረገደና መናኸሪያውን በሚያናጋ ድምፁ «አዲስ ነዎት ወይስ የቆዩ?» ብሎ ጮኸበት። ዘበኛው በቅርብ የተቀጠረ ነው፣ ማን እንደሆነ አያውቅም። ለሁሉም እንዲሁ ነው የሚጮኸው።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች ካስክ ውስጥ ያለችው፣ ራሷን አውጥታ። «ዶክተሩ አይደለም እንዴ?»

«እሱ ነው! ራሱ ነው!»

«እኔ እኮ ያቺ ሚስቱ ከሳች ብያለሁ። ብያለሁ ወይስ አላልኩም?»

በሩ ክፍቱን ስለሚውል አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይታያል። ላቡን በመሐረብ ይጠርጋል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ መልሶ ያደርጋል። እኔ ማበጠሪያዬን ይዤ ቆሜ አየሁት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እሰይ፣ የእጅህን አግኝ! አልኩ በልቤ።

ወሬው ከተማውን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። እሱ ያዋለዳቸው እናቶች ለምርመራ ተሰለፉ። ሚስቱ አልጋ ለየች ተባለ። ሌሎቹም አባላት በየከተማቸው አግዳሚ ላይ ታይተው ነበርና ለእነሱም የየራሳቸው ወሬ ተወራላቸው፤ አንዱን አማቱ ደጄን እንዳትረግጥ አለው፣ አንዷን ገበያ ላይ ሸሿት። የቤተ መጻሕፍቷ ልጅ ብቻ አሞኛል ብላ ሳትሄድ ቀረች። ልብ አላልኩትም። ስለ ሌሎቹም ግድ አልነበረኝም።

ዕቅዱ ሊጸድቅ አንድ ቀን ሲቀረው ሊቀመንበሩ ጸጉር ቤቴ መጣ። ደንበኞቼ ሲያዩት አንድ በአንድ ውልቅ ውልቅ አሉ።

«አንቺ ነሽ» አለኝ።

«ምን አደረግኩ፣ ዶክተር?»

«ለጉብኝት እንደሄድኩ ታውቂያለሽ። ለደንበኞችሽ አንድ ቃል ጣል አድርጊላቸው። እኔ አልችልም።»

ያኔ የእህቴን ነገር ነገርኩት። ልመናዋን፣ የሰጣትን መልስ፣ ፌስታሉን፣ ሁሉንም። አዳመጠኝ፣ ግንባሩን አሸ፣ አሰበ። አላስታወሳትም። ብዙ ሰው ነበር የሚመጣው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አለ። ቢያስታውሳት ኖሮ ምናልባት ልቤ ትንሽ ይራራ ነበር። ጭራሽ አለማስታወሱ ግን አንጀቴን አሳረረው።

«በሮቹን ከዕቅዱ አወጣለሁ» አለ። «ነገውኑ፣ ያለ ክርክር። እዚህ ያለውም ይዘጋል። ብቻ አንቺ ይህን ወሬ አብርጂልኝ። ሚስቴ አታምነኝም፣ ገባሽ? ሚስቴ!»

እዚህ ላይ የምፈልገውን አግኝቻለሁ። የበሩ ነገር አለቀ። እሺ ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

«ራስዎ ይናገሩ» አልኩት። «ነገ በስብሰባው፣ ጉባኤውን የሚዘግበው የሬዲዮ ጋዜጠኛ ባለበት፣ በገዛ አፍዎ።»

«ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያንን ብናገር ወንበሬን መልቀቄ ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ።»

ተነስቶ ወጣ።

በማግስቱ የስብሰባው አዳራሽ ደረጃ ላይ ለቤተ መጻሕፍቷ ልጅ ሁሉን ነገርኳት፤ የደስታዬ ተካፋይ እንድትሆን ብዬ። ፊቷ አመድ መሰለ።

«እትዬ፣ በሮቹን አወጣለሁ ካለ ተቀበይው። ይብቃሽ።»

«አይበቃኝም።»

«እባክሽ። በደንቡ አትጫወቺ። እባክሽን።»

«ዝም በይ አንቺ ልጅ! አንቺ እህትሽን አልቀበርሽም» አልኳት።

ጠረጴዛዎቹ እንደ ወትሮው በክብ ተደርድረዋል። ሊቀመንበሩ ስብሰባውን ከፍቶ፣ አጀንዳውን ሳያነብ፣ ቆመ።

«ክቡራን አባላት» አለ፣ «ከዚህ በላይ ልሸከመው አልችልም። እኔ የለብኝም። ለጉብኝት ነው የገባሁት። የለብኝም።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ጋዜጠኛው መቅረጫውን ጠጋ አደረገ። ያቺን ጸጥታ ስጠብቃት ኖሬያለሁ። ይኸው ወረደ፣ ወደቀ፣ አልኩ። ከልቤ ተደሰትኩ፣ አልዋሽም።

ከዚያ በቀኙ የተቀመጠው የመምህራን ተወካይ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሊቀመንበሩ ካሉማ» አለ፣ «በዚሁ ጉብኝት የእኔ ልጆች ሳይቀሩ ተሰድበዋል። እኔም የለብኝም።» ቀጥላ ነጋዴዋ «እኔም! ተመስገን፣ እኔም የለብኝም!» ብላ ደረቷን መታች። አሥር ቦታ ተይዞ የነበረ ትንፋሽ ተለቀቀ። የሹፌሮቹ ተወካይ ሳቅ ብሎ «እኔም ነፃ ነኝ ጎበዝ» አለ። ተራው እየዞረ ወደ እኔና ወደ ቤተ መጻሕፍቷ ልጅ መጣ፤ ደረጃው ላይ ለምን እንደለመነችኝ ያኔ ገባኝ።

«ጸጥ በሉ!» ብዬ ጮህኩ። «ደንብ አለ! ሊቀመንበር፣ ያስቁሟቸው እንጂ!»

ማን ይሰማኛል? ሊቀመንበሩ ራሱን በእጆቹ ይዞ ተቀምጧል። ደንቡን ያስጣስኩት እኔ ስለ ደንብ ስጮህ ለገዛ ጆሮዬም ቀፈፈኝ። ለእኔ የደረሰውን ተራ ዝም ብዬ አሳለፍኩት። በዝምታዬ ልጅቷን የምከልላት መስሎኝ ነበር።

የሹፌሮቹ ተወካይ ግን እኔን ከምንም አልቆጠረኝም። በእኔ በኩል ዘንበል ብሎ፣ በአባት ፈገግታ፣ «በይ የእኛ ሙሽራ፣ አንቺም በይና እንረፍ» አላት።

ልጅቷ አፏን ከፈተች። መዋሸት ትችል ነበር። እውነቱን የሚያውቀው አስመራጭ ግን ፊት ለፊቷ ተቀምጧል፣ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ። አፏን መልሳ ገጠመችው። ቦርሳዋን አነሳች፣ ዚፑን ዘጋች፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰች፣ ወጣች። የተወካዩ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ጠፋ።

በሮቹ በሙሉ ድምፅ ከዕቅዱ ወጡ። ሰማያዊው በር እንዲታሸግ ተወሰነ። ሊቀመንበሩ ወንበሩን ለቀቀ። ከአዳራሹ ሳልወጣ እጄን የጨበጠኝ ሰው ብዛቱ! እግሬ እስኪዝል ልጅቷን በየመንገዱ ፈለግኳት፣ አጣኋት። ሳምንቱ ሳያልቅ ቀለበቱ ተመለሰ ሲባል ሰማሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያነሳችውን መጽሐፍ የሚነካ ጠፋ አሉ።

ቅዳሜ፣ ጸጉር ቤቴ ጢም ብሎ በሞላበት ሰዓት፣ ብቅ አለች። ሰላም አላለችኝም። መሀል ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ጸጉሯን ፈታች፣ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። ካስክ ውስጥ ያለችው ደንበኛዬ ቀጠሮ እንዳላት ትዝ አላት። ሌላዋ ቢጎዲኑን ሳትፈታ ሻሽ ጣል አድርጋበት ሮጠች። የቀሩትም ማበጠሪያዎቼንና መቀሶቼን እያዩ ወጡ። ሁለታችን ቀረን።

«እህቴ» አልኳት። «ሰው በሌለበት ሰዓት ብትመጪ ተረጋግቼ አሳምሬ እሠራሻለሁ። ማንም ሳያይሽ።»

ዓይኗን ከመስታወቱ አላነሳችም። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ሊቀመንበሩን ስንት ጊዜ አይቼበታለሁ።

«ቅዳሜ ነው የምመጣው» አለች። «በዚሁ ሰዓት። ሁሌ። አንቺ ቤቱን እስክትዘጊ ድረስ።»

ቧንቧውን ከፍቼ ውሃው እስኪሞቅ ጠበቅኩ። ከዚያ ጸጉሯን ማጠብ ጀመርኩ።