የአማከለች ድልድይ

ዛሬ የመንደሩ ሰዎች ደጄ ላይ ቆመው «አማከለች፣ ድልድይሽ በጎርፍ ተወሰደ» አሉኝ። ድልድይሽ! ጉድ እኮ ነው እቴ።

ነገሩ የመጣው አምና፣ በሃምሳ ስምንት ነው። ደረሰ የሚባል ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ተልኮ ወረታ ሊያስተምር መጣ። የመንደራችን የቁሐር ሚካኤል ልጆች ወንዙ በሞላ ቁጥር ከትምህርት ሲቀሩበት ጊዜ ድልድይ እንሥራ አለ። ግንዱንም ሚስማሩንም አስመጣ። «ሥራው የሁላችሁም ነው፤ እኔ አጋዣችሁ ነኝ» እያለ ቤት ለቤት ዞረ። ሁሉም እሺ አለው።

ማክሰኞ ማንም አልወጣ። ሐሙስም እንዲሁ። ግንዱ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሳገኘው አንጀቴን በላው።

«እትዬ አማከለች፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

«ምንም አላጠፋህ። ደቦው ባለቤት የለውማ! ጠላ ጠምቆ፣ ንፍሮ ቀቅሎ የሚጠራ ሰው ሳይኖር ማን ይወጣልሃል? የሁላችሁም ነው ስትላቸው፣ ማን ጠራን ይበሉ?»

እሱ ጋን የለው፣ ጌሾ የለው። እኔም ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ። ግን ልጄ ጽጌሬዳ ካቻምና ወንዙ ሞልቶ የስድስተኛ ክፍል ፈተና አምልጧታል። የባሌ ወንድም አንለይ «አሁንም ካመለጣት እድራታለሁ» ብሎ ቆርጧል። ምን ላድርግ? ለዘር ያስቀመጥሁትን ዳጉሳ ጠመቅሁት።

የአማከለች ደቦ ተባለና አርባ ሰው ወጣ። አንለይ ራሱ መጥረቢያውን ይዞ መጣ፤ ለደቦ ተጠርቶ እንዴት ይቀራል! ጽጌሬዳዬ ተሻግራ ተፈተነች። ዘንድሮ ደብረ ታቦር ትማራለች። የኔ ማሳ ግን ዘር አጥቶ ጦሙን አደረ፤ ዓመቱን ሙሉ በብድር እህል ነው የኖርሁት።

ደረሰ ዓመቱን ጨርሶ ሄደ። በምትኩ የመጣውም ልጅ ዛሬ ከሰዎቹ ጋር ቆሞ «የሁላችሁም ነው» ይላል። ሁሉም እኔን ያየኛል።

«ደከመኝ!» አልሁ። «አልችልም። የኔ ልጅ ተሻግራለች።»

በሩን ልዘጋ ስል አንለይን አየሁት። ከኋላው ሴት ልጁ አለች፤ እስከ ወገቧ ርሳለች፣ ደብተሯን በነጠላ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛለች። ፈተናዋ በሰኔ ነው።

«ዘንድሮ ባለ ደቦው አንተ ነህ» አልሁት።

አንገቱን ደፋ። «ጋን የለኝም።»

«የኔን ውሰድ።»

«ከዘር በቀር ዳጉሳ የለኝም፣ አማከለች።»

«እኔም አልነበረኝም።»

ከዚያ ገብቶ ጋኑን ተሸከመ።