ቢጫዋ ነጥብ

ሥራዬ የመድኃኒት መግለጫ ማረም ነው። ቢሮው ከቤት ሥሩ ካለን ወዲህ ወረቀቱን አትሜ፣ እርሳስ ይዤ፣ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ አነባለሁ። አንድ ቀን የሕፃናት ሽሮፕ መግለጫ ላይ «አንድ ማንኪያ» መባል የነበረበት «አሥር ማንኪያ» ተብሎ አገኘሁት። ከዋናው ሰነድ ጋር መስመር በመስመር ሳመሳክር ግማሽ ቀን ሄደ።

በማግስቱ አለቃዬ ደወለ።

«ትናንት አራት ሰዓት ሙሉ ነጥብሽ ቢጫ ነበረች» አለኝ። ማውሱ ካልተነካ ኮምፒውተሩ ላይ ከስሜ ጎን ያለችው፣ አለቃዬም ከቢሮ የሚያያት አረንጓዴ ነጥብ ቢጫ ትሆናለች፤ ቢጫ ማለት ሥራ ፈት ማለት ነው።

«እያነበብኩ ነበር። ያገኘሁትንም ስህተት ልኬልዎታለሁ።»

«እሱን አይቼዋለሁ። እኔ የማወራሽ ስለ ነጥቧ ነው።»

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም አስከተለ። ደሜ ፈላ። ነጥቧ ናት እንዴ የምታነበው? ማውሱን አብራኝ ለምትኖረው እናቴ ሰጠኋት። ሬዲዮ እያዳመጠች ቀኑን ሙሉ ወዲያ ወዲህ ትገፋዋለች፤ እኔ ወረቀቴን አነባለሁ።

በወሩ መጨረሻ «በሥራ ትጋቷ አርአያ የሆነች» የሚል የምስክር ወረቀት ተላከልኝ። አትሜ ለእናቴ ወሰድኩላት።

«እማዬ፣ ይኸው ተሸልመሻል።»

መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። «ማውስ ስለገፋሁ ነው ይሄ ሁሉ?»

«አዎ።»

«ታዲያ አንቺ እነዚያን ሕፃናት ላዳንሽበትስ ምን ሰጡሽ?»

«ማስጠንቀቂያ።»