የረቡዕ ልጅ አረንጓዴ መኪና

እትዬ ቶንግማ አባቴን የገደለው የመኪናው ቀለም ነው ትላለች። አስከሬኑ በተቃጠለ ዕለት አለችው፤ በሰባተኛው ቀን አለችው፤ በመቶኛው ቀን ደገመችው። ከዚያም ስድስት ዓመት ሙሉ ገበያ ላይ፣ ቤተ መቅደስ ደጃፍ፣ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ሰሚ ባገኘች ቁጥር ስትለው ኖረች። እኛ ዘንድ ሰው በተወለደበት ቀን የሚሆነውም የማይሆነውም ቀለም አለው። «ሰውየው የማክሰኞ ልጅ፣ መኪናው ነጭ! የማክሰኞ ልጅ ነጭ ላይ ይወጣል? ታዲያ ምን ሊመጣ ኖሯል?»

ምን ሊመጣ እንደነበር እኔ ልንገራችሁ። ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው የሰው ፒክአፕ ተውሶ ካሳቫ ሲያመላልስ መሪው ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል። መኪናው ነጭ ቢሆን፣ ቢጫ ቢሆን፣ የወርቅ ቅብ ቢሆን ያው ነው። ይህን ስናገር ግን እማዬ አትሰማኝም። እሷ የምትሰማው ታላቅ እህቷን እትዬ ቶንግማን ነው።

አባዬ ከሞተ ጀምሮ እማዬ ትንሽ መኪና ውስጥ ገብታ አታውቅም ነበር። አውቶቡስ ትሳፈራለች፤ «አውቶቡስ ጎማ ያለው ቤት ነው» ትላለች። ሞተር ሳይክልም ላይ ትወጣለች። ፒክአፕ ካየች ግን መንገድ ትሻገራለች። እኛ ደግሞ ያለ ፒክአፕ መኖር እያቃተን ነበር። እማዬ የምትሸጠው የተቦካ ዓሣ ነው። የሰፈሩ የመስመር መኪና ሹፌር ባልዲዎቿን ከሩቅ ሲያይ መስኮቱን ይዘጋል። «እትዬ ብዋላይ፣ በቀደም የጫንኩልሽ ሽታው ሦስት ቀን ቆየብኝ፤ ሚስቴ እንኳ ውጭ ተኛ አለችኝ!» ስለዚህ በየገበያው ቀን ባልዲዎቹን በሞተር ጋሪ እየጎተትን፣ ሜኮንግ ወንዝን ተከትለን ሃያ ኪሎ ሜትር እንሄዳለን። በስድስተኛው ዓመት ክረምት ጋሪው ጭቃ ውስጥ ተገለበጠና እማዬ ወገቧን ተጎዳች። ሁለት ሳምንት ተኝታ ጣሪያ ስታይ ከረመችና አንድ ቀን ጠራችኝ።

«ፋይ።»

«አቤት።»

«መኪና እንግዛ። ግን ሁለት ነገር ይሟላልኝ። ቀለሙ የኔ ይሁን። ከሻጩ ግቢ የሚወጣበትን ሰዓት አባታችን መነኩሴው ይምረጡልኝ። አንዱ ከጎደለ አንቺ በመኪናሽ ትሄጃለሽ፣ እኔ በአውቶቡሴ። እስክሞት ድረስ።»

እማዬ የምትለውን የምታደርግ ሴት ናት። ያለ እሷ መኪናው ለኔ ምን ያደርግልኛል? ዓሣውን የምታውቀው እሷ፣ ደንበኛውን የምታውቀው እሷ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፦ እኔ እየነዳሁ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ስትነጫነጭብኝ። ከትምህርት ቤት የወጣሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። መንዳት ከጎረቤት ትራክተር ላይ፣ ሞተር መፍታት ከስልኬ ላይ፣ የቀረውን እየተሳሳትኩ ተማርኩ። የመንጃ ፈቃድ ፈተናውንም በመጀመሪያው አለፍኩ። አብሮኝ የተፈተነው፣ ከተማ ድረስ ሄዶ የተማረው የቀበሌው ሹም ልጅ፣ ሦስት ጊዜ ወድቋል። ይህን የማነሳው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው።

ቀለሙን እትዬ ቶንግማ ወሰነች፤ እማዬ ረቡዕ መወለዷንም የምናውቀው ከእሷ ነው። «የረቡዕ ልጅ አረንጓዴ። አለቀ። የቅዳሜ ልጅ ብትሆን ኖሮ አረንጓዴ ስታዪ ሩጪ እላት ነበር። የቅዳሜ ልጅ አረንጓዴ መኪና ይዞ ዓመቱን ሲጨርስ አላየሁም። የረቡዕ ልጅ ግን ሌላ ቀለም አይሆናትም።»

ከቤታችን ሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ ደህና ነጭ ፒክአፕ ለሽያጭ ቆሟል። «ኋላው ላይ ‹ይህ መኪና አረንጓዴ ነው› የሚል ወረቀት እንለጥፍበት» አልኩ። «ግማሹ አገር እንደዚያ አይደል እንዴ የሚነዳው?»

«በወረቀት ዕድልን ልታታልዪ?» አለች እትዬ ቶንግማ። «ዕድል የትራፊክ ፖሊስ መሰለሽ?»

አረንጓዴ ፒክአፕ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ሰው የሚገዛው ነጭ፣ ጥቁር፣ ግራጫ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ያገኘሁት አንድ ብቻ፣ እሱም የአገሩ ሌላ ጫፍ፣ ቺያንግ ማይ። ሻጩ ጋሼ ኢንታ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሞተሩን አስነስተው በስልክ አሰሙኝ።

«ቀበቶው ትንሽ ያፏጫል፤ ሌላው ጤነኛ ነው» አልኳቸው።

«ዶክተር ነሽ እንዴ?»

«ከዶክተር አላንስም።»

ሳቁና ለሌላ እንደማይሸጡት ቃል ገቡልኝ። አባታችን፣ የቤተ መቅደሳችን አለቃ መነኩሴ፣ የእማዬን የልደት ቀን ጠይቀው በጣታቸው ቆጠሩና ሐሙስን መረጡ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከዘጠኝ እስከ ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ዘጠኝ። መኪናው በዚያ መሃል ከግቢ መውጣት አለበት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ተሳፈርን። እማዬ ለጋሼ ኢንታ ስጦታ ብላ የተቦካ ዓሣ በማሰሮ ይዛለች፤ አምስት ፌስታል ደራርባበታለች። ገና ከተማ ሳንወጣ ከፊታችን የተቀመጠው ሰው ዞር ብሎ፣ «አንድ ነገር የሞተ ይመስለኛል» አለ።

«የሞተውማ ቆየ» አለች እማዬ። «አሁን ጣፍጧል።»

ሌሊቱን ተኝተን አለፍን። ሲነጋ ኩን ታን ተራራ ላይ ደርሰናል፤ ቺያንግ ማይ የአንድ ሰዓት መንገድ ቀርቶናል፤ አውቶቡሱ ግን ቆሟል። ወርጄ ሞተሩን አየሁት። የውሃ ፓምፑ ተሰብሯል።

«ሌላ አውቶቡስ እየመጣ ነው» አለ ሹፌሩ።

«ከየት?»

«ከፒሳኑሎክ።»

ይህ ማለት አራት ሰዓት ሙሉ መጠበቅ ማለት ነው። እማዬ ማሰሮዋን ታቅፋ አስፋልቱ ዳር ቆመች።

እጄን ዘርግቼ መኪና ማስቆም ጀመርኩ። ብዙው አለፈን። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ጥቅል ጎመን የጫነ ፒክአፕ ቆመልን። ሹፌሩ ጎመኑን ግማሽ ላምፑን ገበያ፣ ግማሽ ቺያንግ ማይ እንደሚያራግፍ ነገረን። መኪናው ሰማያዊ ነው። እማዬ ጠጋ ብላ፣ እንደ መታወቂያ ጠያቂ ወታደር፣ «የምን ቀን ልጅ ነህ?» አለችው።

«የእሑድ፣ እማማ።»

«የእሑድ ልጅ ሰማያዊ!» ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ።

ሰውየው ሳቀና በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ አመለከተ። ከጭነቱ በታች ወረቀት ተለጥፏል፦ ይህ መኪና ቀይ ነው። እማዬ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች።

«ቀይ ከሆነማ…» አለችና ቀሚሷን ሰብስባ ጎመኑ ላይ ወጣች።

በሕይወቴ አፌን የዘጋሁባቸው ጊዜያት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ያ አንዱ ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ ፒክአፕ ላይ ወጥታለች፤ ያውም ሰዓቱ እንዳያልፍባት ብላ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ዓይኗን ጨፍና የእጅ አንጓዬን ያዘችኝ። የጥፍሯ ምልክት እስከ ማታ አልጠፋም።

ላምፑን ላይ የጎመን ገዢው ዘገየ። ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ከጎመን ክምሩ ጀርባ ሄጄ ደወልኩ።

«ጋሼ ኢንታ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ሦስት ሰዓት ከዘጠኝ ሲል መኪናውን ከግቢ አውጥተው መንገድ ላይ ያቁሙልኝ።»

«ብቻዬን?»

«ብቻዎን። ከዚያ በኋላ ሰማይ ቢወድቅ ተመልሶ እንዳይገባ።»

«እናትሽ ይህን ታውቃለች?»

«ቢያወጡት ኖሮ እነግራት ነበር፤ ገና አላወጡትም እኮ።»

ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ዘጠኝ ሲሆን እኔና እማዬ ገና ጎመን ላይ ተቀምጠናል። ስልኳን አየችና ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። «አለቀ» አለች። «የመመለሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው?»

ስንደርስ አራት ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ቀርቶታል። አረንጓዴው ፒክአፕ ከግቢው ውጭ፣ አፍንጫውን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ቆሟል። መስታወቱ ላይ ቢጫ የአበባ ጉንጉን ተንጠልጥሏል። ጋሼ ኢንታ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሪው ዘንድ ተቀምጠዋል።

«መጣችሁ?» አሉ ሲወርዱ። «እኔ ከሦስት ሰዓት ከዘጠኝ ጀምሮ እዚህ ነኝ። ሬዲዮው ሰዓት ሲናገር ጎማው በሩን ተሻገረ። ባለቤቴ በመስኮት እያየች ይህ ሽማግሌ ለየለት አለች።»

እማዬ እጇን አጋጥማ ሰላምታ ሰጠች፣ ማሰሮውን አቀበለቻቸው፣ ከዚያ መኪናውን ዞር ዞር ብላ አየችው። «ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እኛ አልነበርንም።»

«መነኩሴው መኪናው ይውጣ አሉ ወይስ ባለቤቷ ትውጣ?»

እማዬ አሰበች። ስልኳን አወጣችና አባታችን ዘንድ ደወለች። የሚያስሉት ሳል እኔ ድረስ ተሰማ።

«አባታችን፣ እኛ ሳንደርስ መኪናው በሰዓቱ ወጥቶ ቆየን።»

«ወጣ?»

«ወጣ።»

«ተመልሶ ገባ?»

«አልገባም።»

«ታዲያ እኔ የቀረኝ ምንድን ነው? ግቢያ፣ ብዋላይ! ልጅቷን ፀሐይ ላይ አቁመሽ!»

እማዬ የመኪናውን በር ከፈተች። ጫማዋን አወለቀች። አንድ እግሯን አስገብታ ቆመች። እኔ መሪውን ይዤ ፊት ለፊት አየሁ፤ ወደ እሷ ብዞር የምታለቅስ መሰለኝ፣ ወይም እኔ የማለቅስ። ከዚያ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። በሩ ተዘጋ። ክፉኛ ዘጋችው።

«ቀስ!» አልኳት። «የፍሪጅ በር መሰለሽ?»

«አንቺ መንገድሽን እዪ።»

እንዲህ ተጀመረ። አንድ ሰዓት ሙሉ ፍሬን እንድይዝ በእግሯ ወለሉን ስትረግጥ ነበር። ባዶ መንገድ ላይ «ሰው!» ትላለች። ዛፍ ሲያልፍ «ዛፍ!» ትላለች። በጎመኑ መኪና ዓይኗን የጨፈነችበትን ተራራ እንደገና ስንወጣ ግን ረጋ አለች። የአበባውን ጉንጉን አቃናችና፣ ወደ መስኮቱ እያየች፣ «ከጎመኑ ጀርባ ስልክ ስታወሪ ሰምቼሻለሁ» አለች።

አፈርኩ። «እና ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺስ ሰማያዊው መኪና ላይ ስወጣ ለምን ዝም አልሽ?»

በቦርሳዋ ካለው የሚጣበቅ ሩዝ ቆርሳ፣ በጣቷ ድብልብል አድርጋ አጎረሰችኝ፤ ዓይኔን ከመንገዱ እንዳላነሳ አገጬን ይዛ።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈው። አረንጓዴው መኪና አንድም ጭረት የለበትም፤ ሽታውን ብቻ አትጠይቁኝ። እማዬ ያለኔ ገበያ መሄድ ስላማራት መንዳት አስተማርኳት። ፈተናውን በሁለተኛው አለፈች፤ ይህን ዘወትር አስታውሳታለሁ። እትዬ ቶንግማ ከፊት ተቀምጣ ለሚያልፈው ሁሉ እጇን ታውለበልባለች። «አላልኳችሁም?» ትላለች። «የረቡዕ ልጅ አረንጓዴ!» አባዬን ቀለም ገደለው ማለቷንም አልተወችም፤ አሁን ግን ይህን ብላ ስታበቃ መኪናችንን በመዳፏ መታ መታ ታደርገዋለች።

ባለፈው ሳምንት ለመኪናው ጥላ ልንሠራለት የአያቴን አሮጌ የሩዝ ጎተራ አፈረስን። እማዬ መሪው ላይ ሆና ሞተሩን አስነስታለች፤ እትዬ ቶንግማ አጠገቧ ናት፤ እኔ ጣውላ እጭናለሁ። የበሩን ጣውላ ስገለብጠው ውስጡ በከሰል ተጽፎበታል። የአያቴ እጅ ነው፤ የልጆቹ ልደት።

ጥሩምባው ጮኸ። «ፋይ! ምን ትገተሪያለሽ? ገበያው ሊበተን ነው!»

«የአያዬ ጽሑፍ ነው!» አልኩ። «እናንተ የተወለዳችሁበት!»

«እሺ፣ አንብቢና ጫኚ!»

እኔ ያየሁትን መዋጥ አልተማርኩም፤ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦

«ቶንግማ፣ ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ። ብዋላይ፣ ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ።»