ያምሮት ያለችበት ካሴት

ካሴቱ ወደ መጨረሻው ዘፈን ሲደርስ እማማ ንግሥቴ እንዝርቱን ለቀቁት። እስከዚያ ድረስ አንገታቸውን ደፍተው፣ የሞተው ልጃቸው ሲዘፍን እሳቸው ጥጥ ሲፈትሉ ነበር። ባምላኩ ፊታቸው ሲለወጥ አየና ቴፑን ሊያጠፋው እጁን ዘረጋ።

«ተወው» አሉት። «ማናት?»

«ማን?»

«የምትዘፍነው።»

ባምላኩ ቴፑን አየ። የሚዘፍነው ክንፈሚካኤል ነው። ሌላ ዘፋኝ ኖሯቸው አያውቅም።

ሦስት ነበሩ። ክንፈሚካኤል ከበሮ እየመታ ያዜማል፣ ምስክር ክራር ይደረድራል፣ ባምላኩ ማሲንቆ ይመታል። በፍኖተ ሰላም ሰርግ ቤቶችና ጠጅ ቤቶች ሲጫወቱ ቆይተው ባለፈው ሚያዝያ የሚያውቁትን ሁሉ፣ የሰርጉን፣ የአጨዳውን፣ የከተማውንም የፍቅር ዘፈን፣ በአንድ ካሴት ሊሰበስቡ ተነሡ። ከተማው ጫጫታ ስለበዛበት የቀዱት እዚሁ፣ ከጅጋ ማዶ ባለው በእማማ ንግሥቴ ቤት፣ እሳቸው ክርስትና ተጠርተው በሄዱበት ቀን ነበር። ክረምቱ ሲገባ ክንፈሚካኤል ለሰሊጥ አረም መተማ ወረደ፤ ወባ ይዞት በዚያው ቀረ። ካሴቱ ያለው ይህ አንድ ብቻ ነው። ደግሞ የሚዘፍነው የለም።

ቡሬ የሙዚቃ ቤት ያለው ጁማ ለጥር ሰርግ አባዝቶ ሊያወጣው ተስማምቷል፤ የሚጠብቀውም እስከዛሬ ማታ ነው። ነገር ግን እናት ከሏን ሳታወልቅ የልጇን ዘፈን ገበያ ላይ ማሰማት በአገሩ ትልቅ ነውር ነው። ካልፈቀዱ ካሴቱ እንደተቀመጠ ይቀራል። ባምላኩ የመጣው ያን ፈቃድ ሊለምን ነው።

«ያምሮት ናት» አሉ እማማ ንግሥቴ።

ያምሮት የክንፈሚካኤል ታላቅ ነበረች፤ ከልጅነቷ ሳትወጣ ነው የሞተችው። ዘፈኑም የእሷ ነው። ጤፍ ሲታረም ታወጣላቸዋለች፣ ሴቶቹ ይቀበሏታል። ወንድሟ ከኋላዋ እያረመ ለመደው።

ያን ጊዜ ባምላኩ ነገሩ ገባው። ዘፈኑን ሲቀዱ የቴፑ ባትሪ ድንጋይ ደክሞ ነበር። ምስክር «ይብቃን፣ ይኸ ነገር እየተጎተተ ነው» ሲል፣ ክንፈሚካኤል «አንዲት ቀርታኛለች» ብሎ ከበሮውን አነሣ። በደከመ ድንጋይ ተጎትቶ የተቀዳ ድምፅ በአዲስ ድንጋይ ሲከፈት ይፈጥናል፤ ይቀጥናል። ወንዱ ልጃገረድ ይሆናል።

ዝም ቢል ይሻለው ነበር። እሳቸው ደስ ብሏቸው ፈቅደው ይሸኙታል። ግን በሰው ሙታን ላይ መዋሸት ከበደው።

«እማማ፣ የድንጋዩ ነገር ነው» አለና አስረዳቸው።

እስኪጨርስ በትዕግሥት ሰሙት። «ስለ ድንጋዩ ማን ጠየቀህ? መልሰው።»

መለሰው። አለቀ፤ ደግሞ አስመለሱት። ደጁ ላይ ጥላው ሲረዝም አሁንም «መልሰው» ይላሉ። ካሴቱ እየዞረ፣ እየተመለሰ፣ የቴፑ ድንጋይ መድከም ጀመረ። የልጅቷ ድምፅ በመካከል ላይ ተንገዳገደ፤ ወፈረ፤ ዝቅ እያለ ወረደ። ከዚያ ክንፈሚካኤል፣ ራሱ ክንፈሚካኤል፣ ቤቱ ውስጥ እንደተቀመጠ ሆኖ ዘፈነ።

እማማ ንግሥቴ ወደ በሩ ዞረው አዩ፤ ሰው እንደወጣባቸው ሁሉ።

«አባረርካት» አሉ።

«ልጅዎ እኮ ነው፣ እማማ።»

«እሱን መች ረሳሁት። የእሷ ድምፅ ነው የጠፋብኝ። መልኳ አለኝ፤ ትመጣለች፣ ትቆማለች፣ አትናገርም። ስንት ዘመን ሙሉ አትናገርም።»

ባምላኩ ሳያስበው «ቡሬ መብራት አለ። በመብራት አይደክምም» አለ።

ነጠላቸውን አነሡ።

አውቶቡስ ውስጥ ካሴቱን ደረታቸው ላይ አቅፈው ተቀመጡ። ረዳቱ «እማማ፣ ያ ነገር ወርቅ ነው እንዴ፣ አንድ እጅዎን እንኳ ለብረቱ ይስጡት እንጂ» ቢላቸውም አልሰሙትም። ፍኖተ ሰላም ሲደርሱ ተሳፋሪው ወርዶ ሌላ ተሳፈረ። እማማ ንግሥቴ አጠገባቸው ያለውን ባዶ ቦታ በነጠላቸው ጫፍ ሸፈን አድርገው ያዙት። ባምላኩ ለእሱ እንዳልያዙት ገብቶት መቆምን መረጠ።

ቡሬ ሙዚቃ ቤቱ ሲደርሱ ጁማ «ዘገየህ! ወረፋህን ለምርጫ ቅስቀሳ ካሴት ልሰጠው ነበር» ብሎ ጀምሮ ከሉን ሲያይ አቋረጠው። የከፈተውን ሙዚቃ አጠፋ። «ነፍስ ይማር፣ እማማ። አረፍ ይበሉ።»

ካሴቱን ከተተው። በመብራት ኃይል ያምሮት ጥርት ብላ መጣች። ጁማ ጆሮውን አዘነበለ።

«ይኸ ፈጥኗል። ቀላል ነው» አለና ቀጭን ካቻቢቴ አንሥቶ ከማጫወቻው ሞተር ጀርባ ሰክቶ አዞረው። ልጅቷ ወረደች፤ ወንድሟ ብቅ አለ። «ይኸው ልጅዎ» አለ ጁማ፣ ደስ ብሎት።

እማማ ንግሥቴ እጁን ያዙት። «መልሳት።»

መለሳት። ጥቂት አዳመጡና ቀስ ብለው «እሱስ?» አሉ።

ጁማ ባምላኩን አየው።

«ሁለቱንም አይሆንም፣ እማማ። ካሴቱ ሞልቷል፣ አንዴ ነው የሚገባው። በአንዱ ነው የማባዛው። እርስዎ ይንገሩኝ።»

ከደጅ ለነቀምት መንገድ በቆሎ የሚጭኑ ሰዎች ይጯጯሃሉ። እማማ ንግሥቴ የካቻቢቴውን ጫፍ ትክ ብለው ያያሉ።

«መሐል ላይ አቁምልኝ» አሉ።

«መሐል?»

«መሐላቸው ላይ።»

ጁማ በጣም በቀስታ አዞረው። «እዚህ?»

«ትንሽ ወደ እሷ።»

«እዚህ?»

«አሁን ወደ እሱ። በዛ፤ መልሰው። እ… እዚህ።»

ድምፁ መሐላቸው ላይ ረጋ፤ የወንድም የሴትም አይደለም። ባምላኩ ከክንፈሚካኤል ጎን ስንት ዓመት ተጫውቷል፤ አተነፋፈሱን እንኳ ያውቀዋል። ይህን ሰው ግን አያውቀውም። ከዘፈኑ ሥር የሚያለቅሰው የራሱ ማሲንቆም የሌላ ሰው እጅ የሚመታው መሰለው።

ጁማ እጁን ከካቻቢቴው አንሥቶ ቀዩ የመቅጃ ቁልፍ ላይ አሳረፈ፤ ሳይጫን ጠበቀ። ባምላኩ ገበያ ይውጣ ወይ ብሎ ሊጠይቅ ወደ እማማ ንግሥቴ ዞረ።

ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ ሲያርፍ፣ አራሚ ሴቶች የሚቀበሉበት ቦታ ላይ፣ እሳቸው፣ ከለበሱት ከል ውስጥ፣ በዝግታ ተቀበሉ። ስንኙ ቀጠለ። ደግሞ ተቀበሉ።