ቁርሴ

እህቴ ርዕሰ መምህርት ናት፤ እኔ ልብስ ሰፊ። ይህን ሳታስታውሰኝ ውላ አታውቅም። ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶ ለኬሞ ሐኪም ቤት ስንሄድ እንኳ ኮሪደሩ ላይ እንደ አስቸጋሪ ተማሪ አቆመችኝ።

«ሐኪሙ ፊት እንዳትቀባጥሪ። ካልተጠየቅሽ አትናገሪ። ዝም አይነቅዝም።»

«እሺ እትዬ» አልኩ።

ሐኪሙ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲላት ኮራ ብላ «ምንም» አለች። አልዋሸችም። እንቅርቷን ካስወጣች ጀምሮ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ የምትውጣትን የታይሮይድ ሆርሞን ኪኒን እቤት የምንጠራት «ቁርሴ» እያልን ነው። ቁርሱን ማን መድኃኒት ይለዋል? እኔ ግን ትዝ ብሎኛል። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እውነቱን ልናገር፣ ደስም አለኝ።

ኬሞው ሲያደክማት «ቁርሴ አንሶኝ ነው» ብላ ሁለት ሁለት መዋጥ ጀመረች። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ልቧ ድው ድው ይላል። ቀሚሷን በሁለት ወር ሦስት ጊዜ አጠበብኩት። ሜትሩን ወገቧ ላይ ስጠመጥም «ይሄንንም አንሻፈሽ እንዳትሰፊው» ትለኛለች። ያኔም አልተጠየቅሁም።

ከአራተኛው ዙር በኋላ የጡቷ እብጠት ፍንክች አላለም። ሐኪሙ የልብ ምቷ አላምር ብሎት ደም አስመረመራት።

«የታይሮይድ ሆርሞንዎ ከልክ በላይ ነው። ምን እየወሰዱ ነው?»

«ቁርሴን...» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። «ኬሞው እንዳይሠራ ያደረገው እሱ ነው?» አለችው።

«እንጃ። ሆርሞኑ ካንሰሩ ለኬሞ እንዳይበገር ሊያደርግ ይችላል የሚል ጥርጣሬ አለ፤ ገና አልተረጋገጠም። ብቻ ባውቅ ኖሮ ከመጀመሪያው መጠኑን እከታተል ነበር።» ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎስ ያውቁ ነበር?»

በስንት ዘመኔ ተጠየቅሁ!

«አዎ» አልኩ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?» አለች እህቴ። ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ነበር።

«ዝም አይነቅዝም ብለሽኝ» አልኳት።

አሁን ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ቁርሷን የምሰጣት እኔ ነኝ። ጠዋት እጇን ትዘረጋለች፣ አንዲት ኪኒን መዳፏ ላይ አስቀምጥላታለሁ፣ ውሃ አቀብላታለሁ። አንድም ቃል አይወጣትም።