ሃያ ሳይሞላ ችግኝ አይነቀልም

የዝናብ መለኪያዬ እግር አውጥቶ ነበር። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ፣ በሸመናና በወልቡራ ቀበሌዎች መካከል ባለው ግጦሽ ላይ ተከልኩት። በሳምንቱ ስመለስ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ወደ ወልቡራ ገብቶ ቆሟል። በቀጣዩ ሳምንት ደግሞ ሦስት መቶ እርምጃ ወደ ሸመና ተመልሷል። በሦስተኛው ከነሲሚንቶው ተነቅሎ ቦይ ውስጥ ተጋድሞ አገኘሁት።

ስሜ ሲና ነው፤ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ስለ አየር ንብረት አስተምራለሁ። ቤቴ ውኃ በጀሪካን እየጠበቅሁ ሌላውን ስለ ዝናብ የማስተምር ሴት ስለሆንኩ ቀልድ አይከብደኝም። ምሰሶ ሲራመድ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስለ እኔ የሚወራውን የሰማሁት አገሩ ሁሉ ከሰማው በኋላ ነው። ሁለቱ ቀበሌዎች ግጦሹ የኛ ነው፣ የኛ ነው ተባብለው ከተጣሉ ዓመት አልፏቸዋል። ዞኑ ወልቂጤ ወዲያ፣ ቡታጅራ ወዲህ ተብሎ ለሁለት ከተከፈለ ጊዜ ጀምሮ ደግሞ ከወልቂጤ የመጣ ወረቀት እዚያ ሰፈር ሁለት ሦስት ጊዜ ይገላበጣል። እኔ ብልጧ ታዲያ ከብት እንዳይጥልብኝ ብዬ ምሰሶውን ቀይና ነጭ ቀባሁት፣ ሥሩን በሲሚንቶ አሰርኩት፣ ልክ መሐል ላይም አቆምኩት። የድንበር ችካል ሠርተሽ አምጪ ብባል ከዚህ የተሻለ አልሠራም ነበር። ሸመናዎች ወደ ወልቡራ ገፉት፣ ወልቡራዎች ወደ ሸመና መለሱት፣ በመጨረሻ ሁለቱም ቦይ ውስጥ ቢገባ ይሻላል ብለው ተስማሙ። በዓመቱ ውስጥ የተስማሙበት ብቸኛ ጉዳይ ይኸው ነበር።

ስብሰባም ተጠርቶልኛል። ቡታጅራ አንድ አዳራሽ ውስጥ የዝናብ ካርታዬን ግድግዳ ላይ ሳሳይ፣ አንድ ሰው ተነሥተው ያ ሰማያዊ መስመር በማን ትእዛዝ በማሳቸው ላይ እንዳለፈ ጠየቁ። ብዙ የሚዘንብበትንና ትንሽ የሚዘንብበትን የሚለይ መስመር ነው ብል፣ ሌላው ቀበል አድርገው ብዙውን ለማን ልትሰጪ ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ ንዴቴ ቅርብ ነው። ካርታዬን ጠቅልዬ ወጣሁ።

በሩ ላይ ሐጂ ሸረፋ ደረሱብኝ። የሸመና ሽማግሌ ናቸው፤ በርበሬ ያለማሉ፣ ገበያም ያወጣሉ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "እዚህ አገር መሬት ላይ የቆመ ነገር ሁሉ ስለ መሬት ነው የሚናገረው። ስለ ሰማይ ነው ብትዪ ማን ይሰማሻል?"

የተናደድኩት ግን ስለ ምሰሶው አልነበረም። ያ አገር የሚኖረው በበርበሬ ነው። ችግኙ በመደብ ላይ ይፈላል፣ ክረምቱ ሲገባ ወደ ማሳ ይዛወራል። ባለፈው ዓመት በግንቦት የጣለው የመጀመሪያ ዝናብ ሁሉንም አታለላቸው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው፣ ያላቸውን ሁሉ ነቅለው ተከሉ፤ ከዚያ ግማሽ ወር ሙሉ ፀሐይ ወጣ። ችግኙ አለቀ። ያን ዓመት ሸመናም ወልቡራም በርበሬ ከገበያ ገዝተው በሉ። ለበርበሬ ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ ደግሞ ፀሐዩ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ሁለት ገጽ ማስጠንቀቂያ ጽፌ፣ "ከመደበኛው በታች የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ" ምናምን ብዬ፣ አንድ ቢሮ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አስለጥፌ ነበር። በኋላ ቆሜ ሳነበው ለራሴም አልገባኝም። ዘንድሮ መደብ ላይ የፈሰሰው ከዚያ እሳት የተረፈው የመጨረሻው ዘር ነው። እሱም ከተቃጠለ የዚያ አገር በርበሬ ዘሩ ጠፋ ማለት ነው።

አላህ ሳይደግስ አይጣላም። የዚያን ዕለት ካፊያ ጀመረና ሐጂ ሸረፋ ባጃጅ እስኪገኝ ብለው ቤታቸው ወሰዱኝ። ባለቤታቸው እትዬ ሰልሚያ በረንዳው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው ከፊታቸው አንድ ጣሳ አለ። ሴቶች ወተት ይዘው አንድ በአንድ ይገባሉ። የዊጆ ቀን ነበር፤ ጎረቤት ሴቶች ወተታቸውን አዋጥተው በየተራው ለአንዷ ይሰጣሉ፣ ባለተራዋ ንጣ ቅቤዋን ታጠራቅማለች። እናቴም አገና እያለች ዊጆ ነበራት፤ ስለዚህ ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። አዲስ የሆነብኝ የእትዬ ሰልሚያ አለካክ ነው። ወተቱ ጣሳው ውስጥ ይገባል፣ ቀጭን የሸንበቆ ስንጥር ይነከርበታል፣ እርጥበቱ የደረሰበት ቦታ ላይ በቢላ ጫፍ ይጫራል። የእያንዳንዷ ሴት ስንጥር ለብቻው ነው። አንዷ ካለፈው የጥፍር ውፍረት ያህል አጉድላ ነበርና ሁሉም እያዩ ሞላች። አንዲት ሴት እንኳ አላጉረመረመችም።

ይበልጥ የገረመኝ ከአሥራ ስምንቱ ሴቶች ስምንቱ ከወልቡራ መሆናቸው ነው። እትዬ ሰልሚያ ራሳቸው የወልቡራ ልጅ ናቸው። ስብሰባው ላይ ብዙውን ለማን ልትሰጪ ነው ያሉኝ ጋሽ ደበሌ ታላቅ ወንድማቸው ሆነው ተገኙ። የጋሽ ደበሌ ሚስት ፈቲሀም ወተቷን ይዛ ተራዋን ትጠብቃለች። ባሎቻቸው ቡታጅራ ገበያ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጥመው ሰላም አይባባሉም፤ ወተቱ ግን ግጦሹን እያቋረጠ ይሄዳል፣ ይመጣል።

እኔ በሲሚንቶ የፈለግሁት ነገር እዚህ በስንጥር ተሠርቶ ተቀምጧል። ወዲያው ዝናብም እንዲህ ይለኩልኝ እንደሆነ ጠየቅሁ።

"የወተቱን ለክተን ያጎደለችውን እንወቅሳለን" አሉኝ እትዬ ሰልሚያ። "የዝናቡን ለክተን ማንን ልንወቅስ ነው?"

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ስቄ ስለ ባለፈው ዓመት ችግኝ አነሣሁ፤ ያኔ ሳቁ ቆመ። ዝናቡ ሥር ድረስ መግባቱን ካወቅን ዘንድሮ አንታለልም አልኳቸው። ፈቲሀ ግን በዋዛ የምትለቅ አይደለችም። የአንዷ ጣሳ ሰፊ የሌላዋ ጠባብ ከሆነ ሰፊው ብዙ አይቀበልም ወይ ብላ ያዘችኝ። ከማብራራት ይልቅ አንድ የሳልሳ ጣሳና አንድ ጎኑ ቀጥ ያለ ትልቅ ብረት ድስት ካፊያው ላይ አስቀመጥን። ካፊያው ወደ ዝናብ ሲለወጥ ሴቶቹ በሙሉ በር ላይ ተደርድረው ድስትና ጣሳ ያያሉ። ሲያባራ ስንጥር ነከርን፤ ከፍታው እኩል ነው። ፈቲሀ አላመነችም፣ ደግማ ነከረች፣ ሦስተኛ ጊዜ ነከረች፣ ከዚያ ከት ብላ ሳቀች። እውነቱን ልናገር፣ ከአስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት የለም።

እትዬ ሰልሚያ ቅድመ ሁኔታቸውን ነገሩኝ፦ ኮሚቴ የለም፣ ፊርማ የለም፣ ፎቶ የለም። በደስታ ተቀበልኩ። በየስንጥሩ ላይ ሚሊ ሜትር በማስመሪያ ምልክት አደረግን፣ በአሥራ ስምንት ጓሮ ውስጥ አሥራ ስምንት የሳልሳ ጣሳ ተቀመጠ። መሬት ላይ የተተከለ ነገር ስላልነበረ ማንም ወንድ ነገሬ አላለውም።

ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን ዝናቡ ዶፍ ሆኖ ወረደ። በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱም ቀበሌ ዶማ ይዞ ወጣ። እትዬ ሰልሚያ ስልክ ደውለው ቁጥሩን ነገሩኝ፤ አንዷ ጋ አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር፣ አንዷ ጋ ዘጠኝ፣ ከፍተኛው አሥራ ሁለት። ስልኩን እንደያዝኩ ኮምፒውተሬ ላይ ያለውን ትንበያ አየሁ። ዘንድሮ ሁለት ገጽ አልጻፍኩም።

"እትዬ፣ ላዩን ብቻ ነው የረጠበው" አልኳቸው። "በሦስት ቀን ውስጥ ሃያ ሳይሞላ ችግኝ አይነቀል። ከፊታችን ያለው ደግሞ ፀሐይ ነው። እንዲህ ስል ከአሥሩ ሰባት ጊዜ ይሳካልኛል።"

"ሦስቱንስ?"

"ሦስቱን እሰደባለሁ።"

ስድቡን ለሁለት እንካፈላለን ብለው ስልኩን ዘጉ።

ነገሩ ወንዶቹ ጋ ሲደርስ ሌላ መልክ ያዘ። ሸመናዎች፣ ቆዩ የሚለው ወሬ ቀድመው ሊተክሉ ወልቡራዎች የነዙት ነው አሉ። ወልቡራዎችም ያንኑ ስለ ሸመናዎች አሉ። አንዱ የሌላውን ዶማ እያየ ማንም ሊቆይ አልፈለገም። ግን እዚያ አገር ችግኝ መንቀል የሴት እጅ ነው፤ ሥሩን ሳይጎዱ ማውጣት የሚችሉት እነሱ ናቸው። የዊጆው አሥራ ስምንት ሴቶች ስንጥሩ ሃያ ሳይል መደቡን አንነካም አሉ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ወንዶቹ ዶማቸውን እንደያዙ ቆሙ። ሐጂ ሸረፋ ራሳቸው ሊሞክሩ ገብተው አርባ ያህል ችግኝ ከሥሩ ቀነጠሱ። እትዬ ሰልሚያ ቅንጣሹን ለቅመው ሰሌን ላይ ደርድረው ለባለቤታቸው በምሳ ፋንታ አቀረቡላቸው። ሐጂ ሸረፋ ከዚያ በኋላ ወደ መደቡ አልቀረቡም።

ጋሽ ደበሌ ግን እልኸኛ ናቸው። ፈቲሀ እየለመነቻቸው መደቡን በሙሉ በገዛ እጃቸው ነቅለው በአንድ ቀን ተከሉ።

ከዚያ ፀሐይ ወጣ። አሥራ ሦስት ቀን። ሴቶቹ መደባቸውን ከወንዝ በጀሪካን እየቀዱ አጠጡ። በስድስተኛው ቀን ደመና ሲከብድ ወልቂጤ መስኮቴ ላይ ቆሜ በእኔ ቃል የቆዩት ሴቶች እንዳይሰደቡ ብዬ አምላኬን ለዛሬ እንዳያዘንብ ለመንኩት፤ በክረምት ደጃፍ እንዲህ ብሎ የጸለየ የአየር ንብረት መምህር ያለ አይመስለኝም። ደመናው አልፎ ሄደ። በአሥረኛው ቀን የጋሽ ደበሌ ማሳ አመድ መሰለ። እትዬ ሰልሚያ ይህንን ሊነግሩኝ ደውለው አለቀሱ። ትንበያዬ መያዙን እያወቅሁ አብሬያቸው አለቀስኩ፤ ደስ ሊለኝ አልቻለም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ሰማዩ ተከፈተ። በመጀመሪያው ቀን ሰባት፣ በሁለተኛው አምስት፣ በሦስተኛው ጠዋት አሥራ አንድ። እትዬ ሰልሚያ ስልኩ ውስጥ "ሃያ ሦስት!" ብለው ሲጮኹ ከኋላቸው የሴቶች እልልታ ይሰማል። ትንበያውም ዝናቡ እንደሚቀጥል ያሳይ ነበር። የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዝኩ፤ በአገና በኩል ተሻግሬ ረፋዱ ላይ ሸመና ስደርስ ጫማዬን ጭቃው ውጦት ነበር።

አገሩ ሁሉ ማሳ ላይ ነው። ሴቶቹ ችግኙን ከነአፈሩ እያወጡ በኮባ ቅጠል ይጠቀልላሉ፣ ወንዶቹ ይተክላሉ፣ ይዘፈናል፣ ይተረባል። ከግጦሹ ማዶ ጋሽ ደበሌ ብቻቸውን ባዶ ማሳቸው ላይ ቆመዋል። አፈሩ ዝናቡን ጠጥቷል፤ የሚተክሉት ግን የላቸውም። ፈቲሀ ከእኛ ጋር ሆና ወደዚያ አታይም ነበር።

ሐጂ ሸረፋ ዶማቸውን ጣሉ። ከሚስታቸው ፊት ትልቁን ጥቅል አንሥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉና በቀን ብርሃን፣ ሁለቱም ቀበሌ እያየ፣ ግጦሹን አቋርጠው ሄዱ። ዘፈኑ ቆመ። እኔና ፈቲሀ ሌሎች ጥቅሎች ይዘን ተከተልናቸው።

ሐጂ ሸረፋ ጥቅሉን ከጋሽ ደበሌ እግር ሥር አኖሩት። ጋሽ ደበሌ ጎንበስ አሉ፣ ኮባውን ገለጥ አድርገው ሥሩን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ቀና አሉ።

"ስንት ሞላ?"

"ሃያ ሦስት" አሉ ሐጂ ሸረፋ።

"በማን ጣሳ?"

"በእህትህም በሚስትህም ያው ነው።"

ጋሽ ደበሌ ዶማቸውን ለአማቻቸው አቀበሉና "በል አንተ ቆፍር፣ እኔ ልትከል" አሉ። ሐጂ ሸረፋ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። እኔ እንባዬን መያዝ አቅቶኝ ፈቲሀ ማልቀሱን ትተሽ ጥቅሉን አቀብዪ ብላ ተቆጣችኝ። አዛን እስኪባል ድረስ ሁለቱ ጎን ለጎን አሥራ አንድ መስመር ተከሉ።