ድንኳን የለበሰ እግር

ጫማ ሰፊው ጠይብ ሰው የሚመዝነው በጫማው ነበር። መርካቶ፣ አብነት ሰፈር አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቁ ሃያ ዓመት ሙሉ የቆዳ ጫማ ሲሰፋ፣ ቀና ብሎ ፊቱን ያየው ደንበኛ ከስንት አንድ ነው። በ1963 ዓ.ም. የመርካቶ ጎረምሳ ሁሉ ሸራ ጫማ ማድረግ ሲጀምር ታዲያ ደሙ ፈላ።

«ይኼ እኮ ድንኳን ነው፤ ካስማ ብቻ ነው የጎደለው!» ይል ነበር።

መጀመሪያ የኳስ ተጫዋች ጫማ ነበር፤ ይሁን፣ ኳስ ተጫዋች ምን ያድርግ። ቀጥሎ ተማሪው ከሜዳ ወደ ክፍል ይዞት ገባ። ከዚያ ሲኒማ ቤት በር ላይ አንድ ፀጉሩ የተንጨባረረ ፈረንጅ አድርጎት በሥዕል ታየና ጉዱ ፈላ፤ ፀጉር አስተካካዩም የጨርቅ ነጋዴው ልጅም በጠመኔ እያነጡ ሠርግ ሄዱበት። ጭራሽ ቀደድ ሲል ነው የሚያምረው የሚሉ መጡ።

አንድ እሁድ ጠዋት፣ ጁነዲን የሚባል አስተማሪ የጠይብን ሴት ልጅ ጠሂራን ለጋብቻ ለመጠየቅ አራት ሽማግሎች ላከ። ጠሂራ ጁነዲንን ትወደዋለች፤ ጠይብም እሺ ሊል ቆርጧል። ከጓዳ ሲወጣ እንግዶቹ ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይኑ እንደ ልማዱ ወደ ደጃፉ ሄደ። ሦስት ጥንድ ቆዳ፣ አንድ ጥንድ ሸራ። ሸራውም ትንሿ ጣት ጋ በምላጭ ተቀዷል። ማማሩ መሆኑ ነው! ቤቴን ንቀውታል ብሎ ጦፈ።

«ደጄን በድንኳን ጨርቅ ለሚረግጥ የምሰጠው ልጅ የለኝም!» አለ።

ሽማግሎቹ ተያዩ። ከአራቱ አንዱ፣ የሰፈሩን ጠብ ሁሉ የሚያበርዱት ሐጂ አብዱልሰላም፣ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ፤ ደጃፍ ደርሰው ያበጠ እግራቸውን ሸራው ውስጥ ከተቱ።

«ለዒድ የሰፋህልኝ ጫማ ትንሿን ጣቴን አቁስሎ ጥፍሬን አስነቀለኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ገበያህ እንዳይበላሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩህ።»

ጠይብ እግራቸውን አየ። አፈረ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«አፌ ነው ሐጂ፣ ይማሩኝ። ይመለሱ፤ ከነጫማዎ ይግቡ።»

«ምንጣፍህን አላቆሽሽም» አሉና ሸራውን መልሰው አውልቀው እጁ ላይ አኖሩለት።

የሚያስቀምጥበት ቦታ ጠፋው። ጠይብ ሁለቱን ሸራ እንደታቀፈ ተቀምጦ ጠሂራን ለጁነዲን ሰጠ።